የጋንሱክ ፈረስ

መጋቢት 5፣ ማክሰኞ
ዝናብ። ካልሲዬ ዛሬም አልደረቀም። የቻይንኛ ክፍላችን ውስጥ መምህርት ሼን ጋንሱክን አስነሱት። "እሁድን እንዴት አሳለፍክ?" ያ ግዙፍ ሞንጎሊያዊ እስከ አንገቱ ቀላ... ቻይንኛ ሲጽፍ ሁላችንንም ያስከነዳል፤ መናገር ላይ ግን የለም። ሰኔ ላይ የቃል ፈተናውን ከወደቀ ስኮላርሺፑ ይቋረጣል፣ ወደ አገሩ ይመለሳል። እኔ እያለሁማ አይሆንም!

መጋቢት 9፣ ቅዳሜ
ዶርም ኩሽና ውስጥ ትልቁን ድስት መሃል ጣድን። የበግ ሥጋ፣ እንጉዳይ፣ ቶፉ የሚሉት የአኩሪ አተር አይብ... ሁሉም እየነከረ ይበላል። ጋንሱክ እንዲናገር በየቅዳሜው ልናደርገው ነው፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፦ ከቻይንኛ ሌላ አንዲት ቃል ያመለጠችው ሳህን ያጥባል። ቬትናማዊቷ ቱየት፣ አብራኝ የምትኖረው፣ ሥጋዋ ድስት ውስጥ ሲጠፋባት በአገሯ ቋንቋ ተሳደበች። አጠበች። እኔ? ኧረ ወዲያ! የጃካርታ ልጅ እንዲህ በቀላሉ አትያዝም።
ጋንሱክም አላጠበም። ምን ተናግሮ?

መጋቢት 30፣ ቅዳሜ
ዛሬ ጀመረ! "አያቴ... አንድ ፈረስ..."
"ነበራቸው!" አልኩ።
"ፈረሱ..."
"ጠፋ?"
እሺ ይሁን ብሎ አንገቱን ነቀነቀ። ቀሪውን እኔው ጨረስኩለት። ሁሉም ሳቀ።
በኋላ ቱየት፣ "ዊዳዬ፣ ፈረሱን ማን አጠፋው?"
"ራሱ ጠፍቶ ነዋ።"
"አንቺ ነሽ። ልጁን መቼ አስወራሽው?"
አኮረፍኳት። ቆይቼ ሳስበው ግን... እውነቷን ነው። አራት ቅዳሜ ሙሉ አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንዳፈርኩ!

ሚያዝያ 6፣ ቅዳሜ
"ያ ፈረስ አልገባኝም፣ ከመጀመሪያው ንገረን" አልኩትና አፌን በእንጉዳይ ሞላሁ። ተንተባተበ፣ ቆመ፣ እንደገና ጀመረ። ድስቱ ሁለቴ ውሃ ተጨመረለት። ቱየት ከጠረጴዛው ስር እግሬን ረግጣ ይዛኛለች። ለካ ፈረሱ አልጠፋም! አያትየው ሸጠውት፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ወንዝ ተሻግሮ ብቻውን ተመልሶ መጣ። ከዚያ ወዲያ አልሸጡትም። ይሄን የመሰለ ታሪክ ላበላሽበት ነበር።

ሰኔ 14፣ አርብ
ከፈተና ክፍል ወጣ። ምንም አልጠየቅኩትም፤ ምላሴን ነክሼ ጠበቅኩ። "ስለ ቤተሰብህ ንገረን አሉኝ" አለ ቀስ ብሎ። "ፈረሱን ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው።"
ውጤት ነገ።

ሰኔ 15፣ ቅዳሜ
ድስቱ ገና ሳይፈላ ገባ። በሩ ላይ ቆመ። "አለፍኩ።"
"አልሐምዱሊላህ!" ጣሪያው እስኪሰነጠቅ ጮህኩ።
ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጋንሱክ ጥርት ባለ ቻይንኛ፣ አንዴም ሳይደናቀፍ፣ "ዊዳ፣ የዛሬው ሳህን ያንቺ ነው።"
አሥራ ሰባት ሳህን። እያጠብኩ ዘፈንኩ፣ በራሴ ቋንቋ። ከዚህ በላይ ምን ሊቀጡኝ?