የልጄን ሳቅ ለመዘነው ጽሕፈት ቤት

ለተከበሩ የሕፃናት ሥነ ልቦና ምዘና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ለእርስዎም ለባለሙያዎችዎም ሰላም ያለው እንቅልፍ፣ በር በኃይል ሲዘጋ የማይደነግጥ ልብ እመኛለሁ። እኛ ተኩሱ ከቆመ ወዲህ አለን።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ቤት ቀለም ቀቢ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ደጃፋችን ላይ የመድፍ ፍንጣሪ መትቶት ሲወድቅ ቀድማ ያየችው የሰባት ዓመት ልጃችን ናት። ያየችውን ለማንም፣ ለእኔም ጭምር፣ ተናግራ አታውቅም ነበር፤ የአባቷ ነገር በተነሳ ቁጥር ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር እንጂ።

አንደኛ፣ ሕፃናት የጦርነቱን ጭንቀት በምን እንደሚከላከሉት ሊመዝኑ ትምህርት ቤታችን ስለመጡት ባለሙያዎ ደግነት ምስጋናዬ የላቀ ነው። ልጄ ፊት በርከክ ብለው፣ “የምትነግሪኝ ከዚህ ክፍል አይወጣም፤ በሳምንቱ ተመልሼ እመጣለሁ” አሏት። እኔም አምኜ፣ “በይ እናቴ፣ ንገሪያቸው” ብያት ሁለቱን ትቼ ወጣሁ። ነገረቻቸው።

ሁለተኛ፣ ስለ ውጤቱ ፍጥነት አመሰግናለሁ። ልጄ በሳቅ የምትከላከል ጠንካራ ልጅ ስለሆነች ክትትል አያስፈልጋትም ተባለ፤ ባለሙያዎም በዚያው ቀሩ። ልጄ ግን ቀኑ በደረሰ ቁጥር ጸጉሯን አስበጥራ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። “መኪናቸው ተበላሽቶ ይሆን?” ስትለኝ፣ “ይሆናል” እላታለሁ፤ የጽሕፈት ቤትዎ መኪና ደህና አድርጎ በሠፈራችን ሲመላለስ እያየሁት።

ሦስተኛ፣ በወላጆች ስብሰባ ልጄን አርአያ ስላደረጉልኝ ውለታዎን በምን እንደምከፍል አላውቅም። ድምፅ ማጉያውን ይዘው፣ በወደቀው አባቷ ላይ ቀለም የተደፋ መስሏት ስለሳቀች፣ ከዚያ ወዲህ ሳቋን ስላላቆመች አንዲት ሕፃን በሚያምር አንደበት ተረኩ። ስም አልጠሩም፤ ጨዋ ሰው ነዎት። ችግሩ በሠፈራችን የሞተው ቀለም ቀቢ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ እኛን አየ። እናቷ ሆኜ ያን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ከእርስዎ አፍ ነው። ተጨበጨበልዎት። ልጄ እጄን ለቀቀችና፣ “አንቺ አይደለሽ እንዴ ንገሪያቸው ያልሽኝ?” አለችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አትስቅም። ከእኔም ጋር ቢሆን የምታወራው ውሃ ስጪኝ፣ በሩን ዝጊው፣ ይኸው ነው። እርዳታ ፍለጋ ቢሮዎ ብመጣ በር ላይ ያሉት ሠራተኛ፣ “የእርስዎ ልጅ ውጤቷ ጥሩ ነው፤ ቦታው ለተጎዱት ነው” ብለው በትሕትና ሸኙኝ። ልጄን ያለ ሐኪም ስለፈወሱልኝ አሁንም አመሰግናለሁ።

ጭብጨባው ሳይለይዎት እንዲኖሩ ከመመኘት ጋር፣

በመልካም ውጤቷ ምክንያት የተረሳችው ሕፃን እናት

ማስታወሻ፦ ለሁለተኛው ዙር ምዘና ተጠርተናል። ልጄ ትናንት ብዙ ቃል አውጥታ ያነጋገረችኝ በዚሁ ምክንያት ነው፦ “እማ፣ ምን ብዬ ብመልስላቸው ነው ቶሎ የሚለቁኝ?” አለችኝ። ከዚያም መስታወት ፊት ቆማ፣ “ደህና ነኝ፣ ምንም አላስታውስም” ማለትን ስትለማመድ አመሸች። እንግዲህ ስትመጣ ይመዝኗት፤ ይህኛውን መከላከያ ግን ከጦርነቱ አልተማረችውም።