የቢሮ ውራጅ ዲስኮችና የቸሃው ቤቴ

ሰኞ

አይገባም። ዲስኩን ገልብጬ ሞከርኩት፣ ምህረትም ገፋችው፣ አይገባም። ምህረት ልጄ ናት፤ ወልቂጤ ላይ ፎቶና ቪዲዮ ቤት አላት። ይህንንም የምትጽፈው እሷ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው በጋ ቸሃ ላይ አንድ የሣር ቤት አቆምኩ። ምህረት ከቁፋሮው እስከ ክዳኑ ቀረጸችው። ከእንግዲህ ሌላ አላቆምም፤ ጉልበቴ አልቋል። እንደ እኔ የሚያቆም ደግሞ የለም፤ አለሁ የሚል ይምጣ። አሁን ትልቁ ኮምፒውተሯ ሞላ። ቅዳሜ ሰርግ ልትቀርጽ ነው። "አባዬ፣ ቦታ ካልተገኘ ያንተው ቤት መጥፋቱ ነው" አለችኝ። አዲስ ዲስክ እንደሆነ ዋጋው አይቀመስም።

ቡታጅራ ሄጄ ከሐጂ ሸምሱ ሦስት ዲስክ አመጣሁ። ሐጂ የመሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃ በጨረታ የሚያነሣ ወዳጄ ነው። "ይሠራሉ ወይ?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ወላሂ፣ እኔ የገዛሁት ብረት ነው፤ ውስጡን አላህ ይወቀው" አለኝ።

ማክሰኞ

ምህረት ወጣ ስትል አንዱን ዲስክ አተኩሬ አየሁት። ከኮምፒውተሩ የሚወጣው ገመድ አፍ መሀሉ ላይ ግድግዳ አለው፤ ዲስኩ ለግድግዳው የሚሆን ክፍተት የለውም። እንጨት አልገባም ሲል ምን ይደረጋል? ይጠረባል። በሞረድ ሞረድኩት። ገባ!

ተመልሳ ስታይ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች።

"አባዬ፣ ምን አደረግኸው?"

"አስገባሁልሽ።"

"ገደልከው እኮ!"

ኮምፒውተሩ ዲስኩን አላወቀውም። መዝጊያ ከገጠመ ይዘጋል፤ ይሄ ገጥሞ እንዴት አይሠራም? ይህን አትጻፊው አልኳት። እየሳቀች ጻፈችው።

ረቡዕ

ተካልኝ የሚባል ኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራች። የሞረድኩትን አገላብጦ አየና "ማነው ጠራቢው?" አለ። እኔ ነኝ አልኩት። ወደ ጎን አስቀመጠው።

ዲስኮቹ የሰርቨር ናቸው አለ፤ ሰርቨር ማለት የመሥሪያ ቤት ትልቁ ማሽን ነው። ከምህረት ኮምፒውተር የሚያገናኛቸው ካርድ ያስፈልጋል። አንድ አሮጌ ካርድ ነበረው፣ ገጠመው። ኮምፒውተሩ የዲስኩን ስም አወጣ፤ መጠኑን ግን ዜሮ አለው።

"ስሙን ካወቀ እንዴት ዜሮ ይለዋል?"

"አባባ፣ የድሮው ማሽን በራሱ ልክ ነው የከፋፈለው። እንደ አዲስ መከፋፈል አለበት። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ግን እነዚህንም ይቅበሯቸው።"

እኔ በሞረድ ስገድል ጥፋተኛ ነኝ። እሱ በመብራት ቢገድል ባለሙያ ነው።

ሐሙስ

ጠዋት መብራት የለም። ቁጭ። ረፋዱ ላይ መብራቱ መጣ፣ ተካልኝና ምህረት ሁለቱን ዲስኮች መከፋፈል ጀመሩ። ማንም ማብሪያውን እንዳይነካ ወንበሬን ግድግዳው ሥር አስጠጋሁ። ቁጥሩ እየሄደ ነው ትለኛለች። ቁጥሩን አላውቅም፤ ድምፁን ነው የምሰማው፣ እንጨት ውስጥ እንዳለ ነቀዝ ይቆረቁራል። ይህ ደህና ነው ወይስ እየተበላ ነው?

አንድ ጎልማሳ ጉርድ ፎቶ ልነሣ ብሎ ገባና እጁን ወደ ማብሪያው ሰደደ። ጮኽኩበት።

"ምን ሆኑ ጋሼ?"

"ውጣ! ዛሬ ፎቶ የለም!"

ምህረት ደንበኛዬን አባረርክ ብላ አኮረፈችኝ። ታኩርፍ። አመሻሹ ላይ ዜሮው ጠፋ። ሁለቱም ነቁ።

ዓርብ

ቤቴን ወደ አንደኛው ዲስክ ገለበጠችው። ካላየሁ አላምንም አልኳት። ከፈተችልኝ። ቁፋሮው አለ፣ ማገሩ አለ፣ እኔም ወጣቶቹን ስሰድብ አለሁ።

"እንግዲህ ከኮምፒውተሩ ላጥፋው?" አለች።

ልቤ አመነታ። እዚህ ሲጠፋ እዚያ መቆየቱን በምን አውቃለሁ?

"መሥሪያ ቤቱ ለምን ጣላቸው?"

"አርጅተው ነዋ።"

"በእርጅና ብቻ?"

"እኔ እንጃ፣ አባዬ።"

እኔ የማቆመው ቤት በአንድ ምሰሶ ይቆማል። ምሰሶውን ግን ራሴ መርጬ ራሴ ነው የምቆርጠው። ይሄ ለምን እንደተጣለ የሚነግረኝ የለም። በሁለተኛውም ላይ ገልብጪው አልኳት።

"ነገ እኮ ሰርግ ነው!"

"ገልብጪ ብያለሁ።"

ገለበጠች። ከዚያ የኮምፒውተሩን ስታጠፋ ፊቴን አዞርኩ።

አንዱ ዲስክ ፎቶ ቤቷ ቀረ። ሌላውን በጋቢ ጠቅልዬ ወደ ቤት ይዤው መጣሁ። የሚጎዳው ብርድ ነው ወይስ ሙቀት? ብዬ ጠየቅኋት። እየሳቀች ይህንንም ጻፈችው።