መስኮቱ ሥር ያለው ሎሬል

ለታናሿ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንዴት ከርመሻል? ሥራው እንዴት ይዞሻል? ያ የሚጠዘጥዝሽ ጉልበትሽስ ተሻለው? እኛን ከጠየቅሽ፣ እንደ ወጉ «ደህና ነን» ልል ብዕር አንስቼ እጄ እምቢ አለኝ። አባባ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይስቃል። ደህና መሆን ይህ ከሆነ ደህና ነው።

የምጽፍልሽ ስለ ሎሬልሽ፣ በማሰሮ ስለተከልሽው ስለ ሾርባ ቅጠልሽ ነው። እየሞተብኝ ነው።

ስትሄጂ «ለሾርባ ቅጠሉን ቅጠፉ እንጂ አትነካኩት፣ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ አጠጡት» ብለሽን ነበር። አባባ ሊያለቅስ ሲል ደግሞ «ቁመቱ መስኮቱን ሳያልፍ እመለሳለሁ» አልሽው። እኔ ማባበያ መሆኑ ገብቶኝ ነበር። እሱ ግን ቃልሽን ጨብጦ ቀረ። የጎረቤቱ ስም ጠፍቶበታል፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር ጠፍቶበታል፤ ይህ ግን አልጠፋውም። ጠዋት ጠዋት ማሰሮውን ወደ ብርሃኑ አዙሮ በክንዱ ይለካዋል። አንቺማ ከሩቅ ሆነሽ ትወደጃለሽ፤ አጠገቡ ያለነው የጠፋ ካልሲውን ፈላጊዎች ነን።

በቅርቡ ቅጠሉ ጣት ላይ መጣበቅ ጀመረ። ገልበጥ ባደርገው ከጀርባው ቡናማ ቅርፊት የመሰለ ተባይ ተለጥፎበታል። ችግኝ ሻጯ በሳሙና ውሃ እያንዳንዱን ቅጠል እጠቢው አለችኝ። ሳሙና ይዤ ስመለስ አባባ ቀድሞኛል። የድሮ የሥራ ሽርጡን አጥልቆ፣ ቁም ሣጥንና ወንበር ያሳምርበት የነበረውን ዘይት ከየት እንዳወጣው እንጃ፣ ጨርቅ እየነከረ ቅጠሉን ሲወለውል ደረስኩ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ዕቃ ሲወለውል የኖረ እጅ አይደል፣ አንዲት ቅጠል አላመለጠችውም።

«ደብዝዞ ነበር እኮ። ስትመጣ እንዲህ ሆኖ ይጠብቃት ብዬ ነው» አለኝ።

እውነቴን ነው የምልሽ፣ እንደዚያ አምሮ አያውቅም። መጮህ አማረኝ። ፊቱን ብታይው ግን አንቺም አፍሽን ትይዢ ነበር።

ዘይቱ የቅጠሉን ትንፋሽ ዘጋው መሰለኝ፣ ከዳር እየጠቆረ ይረግፍ ጀመር። ችግኝ ሻጯ ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቴን አየችና «እጠቢው፣ ግን ብዙ ተስፋ አታድርጊ» አለችኝ። እኔም ተስፋ ሳላደርግ አጥበዋለሁ።

ትናንት ከሰዓት መስኮቱ ሥር፣ በዚያ በአንቺ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የቀሩትን ሳጥብ አባባ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ከዚያ ትከሻዬን ይዞ፣ በአንቺ የቁልምጫ ስም ጠርቶ «መጣሽ?» አለኝ። አይ፣ እኔ ነኝ ልለው ስል እንባው ቀደመኝ። «አዎ አባባ፣ መጣሁ» አልኩት። ምን ላድርግ? አቀፈኝ። እኔን እንደዚያ አቅፎኝ አያውቅም፤ ይህን ስጽፍልሽ ቅናት ነው ብትይም አልቀየምሽም።

ከዚያ ወዲህ ሎሬሉን ዞር ብሎ አያየውም። ምን ይሠራለታል? አንቺ መጥተሻል። ራት ላይ ማንኪያውን አስቀመጠና ቤቱን ቃኘት ቃኘት አድርጎ «ታላቅሽስ? የት ሄደች?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሥራ ላይ ናት፣ ትመጣለች አልኩት።

«ደህና ልጅ ነበረች» አለና ወደ ሾርባው ተመለሰ።

እንግዲህ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ ያልሽውን አንቺው አስቢበት። በሩ ላይ ስትቆሚ አባባ «ይህቺ ደግሞ ማን ናት?» እንዳይልሽ እፈራለሁ። አትምጪ ማለቴ አይደለም። ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ሎሬሉ ጫፉ ላይ ጥቂት ቅጠል ቀርቶታል። ዛሬም አጥቤዋለሁ።

መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ከክፉ ሰው ይሰውርሽ። መልስ ስትጽፊ ውስጡ ምንም ባይኖር ግድ የለኝም፤ ፖስታው ላይ ብቻ ስሜን ጻፊልኝ። ሙሉ ስሜን፣ ጎላ አድርገሽ።

ታላቅሽ