የቺዙሩ ባንዲራ

ዲሴምበር 20
ዛሬም ሥራ። ስድስተኛ ፎቅ ላይ ብረት ስናስር ስልክ ተደወለ... ኪሞኖዬ፣ የባህል ልብሴ፣ ደርሷል። ከላይ እስከ ታች ወርቅ! ስሜ የሚጻፍበት ባንዲራም አለው፣ ቁመቱ እኔን ያህላል። ሃያ የሞላን ሁሉ ሰው መሆናችንን በምናከብርበት በሃያ ዓመት በዓላችን ቀን፣ ከተማችን ኪታኪዩሹ ውስጥ ማን ይስተካከለኛል? ማንም።

ዲሴምበር 27
ለካሁት። ብቻዬን፣ መስታወት ፊት። አቤት ማማር! እህቴ ቺዙሩ ከፀጉር ቤቷ ስትገባ አየችኝና ሳቋን መያዝ አቃታት። ለካ የቀኙን ጎን በግራው ላይ ደርቤዋለሁ።

"እንዲህ የሚለብሰው ሬሳ ነው፣ አንተ ደንቆሮ። ልትቀበር ነው ልትጨፍር?"

ፈታችና በአፍታ አስተካከለችው። እጇ ሲፈጥን! የት ተማርሽው አልኳት። ለራሷ የሃያ ዓመት በዓል አንድ ወር ሙሉ ተለማምዳ እንደነበር ነገረችኝ።

"ታዲያ ፎቶሽ የታለ፣ እትዬ?"

"አልሄድኩማ። ትኩሳት ይዞህ ሆስፒታል ነበርን።"

እንዲሁ ነው ያለችው፣ ካልሲ እያጠፈች። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። እማዬ ከሞተች አንድ ዓመት ሆኗታል። እኔ እኮ ምንም አላስታውስም...

ዲሴምበር 28
ምሳ አልበላሁም። እኔ! ሦስት ሳህን ሩዝ የምጨርሰው።

ጃንዋሪ 4
ኪሞኖዬን ያስመጡልኝ አልባሿ ወይዘሮ ኦካኖ ጋ ሄድኩ። ያ እጅጌው ረጅም የልጃገረድ ኪሞኖ ለሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ይሆናል ወይ አልኳቸው። አግብታለች? አሉ። አላገባችም። "እንግዲያው ዕድሜዋን ማን ይጠይቃታል" ብለው ቀዩን አወረዱልኝ። ባንዲራው ላይ ገና ስሜን አልጻፉም ነበር። ሌላ ስም ሰጥቻቸው ወጣሁ።

ጃንዋሪ 12
በዓሉ ዛሬ ነው። ቺዙሩን ፀጉሬን አቁሚልኝ ብዬ ወይዘሮ ኦካኖ ጋ ጎትቼ ወሰድኳት። ቀዩን ኪሞኖ ስታይ ወደ በሩ ዞረች።

"ሰው ይስቅብኛል፣ ሪኩቶ።"

"ወርቅ የለበሰ አውራ ዶሮ ከጎንሽ ቆሞ በአንቺ ማን ይስቃል?"

ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። ኩሏ ተበላሸ። ወይዘሮ ኦካኖ የተቆጡት ግን እኔን!

የበዓሉ አዳራሽ ደጅ ጓደኞቼ ባንዲራውን አንብበው፣ ቺዙሩ ማናት ይሉኛል። እህቴ ናት አልኩ። ዛሬ ሃያ ዓመቷ ነው። አንድም ሰው አልሳቀም። ቢስቅ ኖሮ... ያየኝ ነበር።

በአንድ እጄ ባንዲራ፣ በሌላው እጅጌዋን ይዣለሁ፣ መሬት እንዳይነካ። ፎቶ አንሺው፣ አንተ ወርቁ፣ ሸፈንካት እኮ፣ ዝቅ በል አለኝ።

ዝቅ አልኩ። እኔ።