የወይዘሮ አሰፋሽ ሊሻን ኅልፈትና የአራት መቶ ሙዝ ችግኞች ጉዳይ

የምንጭ ዳር ሙዝና ፍራፍሬ አምራቾች ማህበር መሥራችና የመስክ ባለሙያ የነበሩት ወይዘሮ አሰፋሽ ሊሻን እሑድ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው በድንገት አርፈውብናል። ሥርዓተ ቀብራቸው ሰኞ ዕለት በአርባ ምንጭ ተፈጽሟል። ቅዳሜ ጠዋት በከተማው ሲቀላ ሰፈር ወዳለው ጽሕፈት ቤታችን መጥተው የሙዝ ችግኝ ተከላው ለምን እንደዘገየ ሲቆጡን ነበር፤ እውነቱን ለመናገር መሞታቸውን ገና አላመንነውም።

ወይዘሮ አሰፋሽ በ1988 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር በግብርና ባለሙያነት ተመድበው አርባ ምንጭ አጠገብ ወዳለችው ላንቴ ቀበሌ ገቡ። ለሁለት ዓመት ብለው መጥተው ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቆዩ። የትኛውን የሙዝ ዓይነት ነፋስ እንደሚጥለው፣ የትኛው አይሱዙ ላይ ተጭኖ ሳይጠቁር አዲስ አበባ እንደሚደርስ ገበሬውን እየጠየቁ መዘገቡ።

በ2008 ዓ.ም. ማህበራችን ለስልሳ አባወራዎች ችግኝ አከፋፈለ። ችግኙ የተነሳበት ማሳ አጠውልግ የሚባለው ሙዝ አድራቂ በሽታ እንደነበረበት ማንም አላየም። በደቦ ስንሠራ አንድ ገጀራ ከማሳ ማሳ ይዞራልና በሽታውም አብሮ ዞረ። ችግኙ እንዲሰጥ የፈረሙት ወይዘሮ አሰፋሽ ነበሩ። በማህበሩ ስም ተከልለው ዝም ማለት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ስልሳውንም ቤት በእግራቸው ዞረው «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ንቀሉት» አሉ። አባላችን አቶ በርናባስ «ሰጥተው ሲያበቁ ንቀል? እርስዎ ደመወዝ አለዎት፤ እኔ ያለኝ ሙዝ ነው» ብለው በር ዘጉባቸው። በማግስቱ ወይዘሮ አሰፋሽ ዶማ ይዘው ተመለሱና ሁለቱ አብረው ነቀሉ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ግንድ የቆረጠ ገጀራ በእሳት ሳያልፍ ሁለተኛ ግንድ እንዳይነካ ደንብ አወጡ። ገጀራ ጠባሿ ተብለው ተቀልዶባቸዋል። ዛሬ ላንቴ ውስጥ ያለ እሳት ደቦ የሚወጣ የለም።

በ2014 ዓ.ም. በጓሯቸው ችግኝ የሚነሳበት፣ ከበሽታ ንጹሕ የሆነ የእናት ሙዝ ማሳ አቋቋሙ። ባለፈው ቅዳሜ ከዚያ የተነሱት አራት መቶ ችግኞች አሁንም ግቢያቸው ውስጥ እርጥብ ጆንያ ለብሰው ተደርድረዋል። ዝናቡ ገብቷል፤ ችግኞቹ ከሳምንት በላይ አይቆዩም። ኀዘኑ እስኪያልፍ ተከላው ይቆይ ብለን ነበር። ልጃቸው ፌቨን ሰምታ «እማዬ ብትኖር እስካሁን ጭቃ ውስጥ ነበራችሁ» አለችን።

ማህበሩ ለወይዘሪት ፌቨን፣ ለዘመድ ወዳጆቻቸውና ከእሳቸው ጋር ማሳ ለማሳ ለዞሩ ባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ነገ ረቡዕ ሰልስታቸው ነው። ከጸሎቱ በኋላ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ፣ ችግኞቹ ያኔ በተነቀለው የአቶ በርናባስ ማሳ ላይ ይተከላሉ፤ መሬቱን የሰጡት ራሳቸው ናቸው። የአበባ ጉንጉን አታምጡ። ገጀራና ዶማ ይዛችሁ ኑ። እሳቱን አቶ በርናባስ አንድደው ይጠብቁናል።

ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.
የምንጭ ዳር ሙዝና ፍራፍሬ አምራቾች ማህበር