የእትዬ አስካለ ክንድ

ሰኞ

ዛሬም እምቢ አሉኝ። ለአሮጊቷ ሲኞራ የጉንፋን ክትባቷን ሰጠኋት፤ ዊልቸሯን የሚገፉት አስታማሚዋ እትዬ አስካለ ግን ካፖርታቸውን እንኳ አላወለቁም። ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። አስም አለባቸው። አምና በብርዱ ጊዜ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ሐኪሙ ፋርማሲው ወዳለበት መንደር የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ በሌላው ቀን ያለሁት እኔ ፋርማሲስቷ ብቻ ነኝ። «ሌላ ጊዜ፣ ልጄ» ይሉኛል። የትኛው ሌላ ጊዜ?

ማክሰኞ

ከከተማው፣ ከቲቡርቲና መናኸሪያ የሚነሳው አውቶቡስ ዘገየና ፋርማሲውን የከፈትኩት ሰው ተሰልፎ እያየኝ ነው። ለእትዬ አስካለ በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል የጻፍኩትን ወረቀት ሰጠኋቸው፦ ክትባቱ ውስጥ ምን እንዳለ፣ በሽታውን እንደማያመጣ። አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ደግሜ አስረዳሁ። ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ። «መርፌ የምፈራ መሰለሽ? አራት ወልጃለሁ» አሉኝ።

ረቡዕ

አፈርኩ። በመጨረሻ «ታዲያ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ክንዴን ካመመኝ ሲኞራዋን ከአልጋ ማን ያነሳታል? አንቺ?»

ይኸው ነው። ስንት ቀን ሰበክሁ፣ ስለ ክንዳቸው ግን አንዴም አልጠየቅኩም። የእረፍታቸው ሰዓት ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። እኛም የምንዘጋው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ! ለሲኞራዋ ልጅ ደወልኩላት። ሐሙስ ከሰዓት እናቷን የምትጠብቀው እሷ ናት፤ የእትዬ አስካለ ክንድ እንዲያርፍ እዚያው እንድታድርና ዓርብን እንድትውል ለመንኳት። «ቬዲያሞ» አለች፣ እናያለን። ይህችን ቃል እንዴት እንደምጠላት።

ሐሙስ

ሰባት ሰዓት ላይ፣ በመዝጊያችን፣ በሩን ግማሽ ዘግቼ እትዬ አስካለን ጠበቅሁ፤ እንዲመጡ ነግሬያቸው ነበር። ሰባት ተኩል። ምሳዬም ቀረ። መጡ፣ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። «ቶሎ በይ፣ ከተማ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰው ይጠብቀኛል።» ወጋኋቸው። ከዚያ አሥራ አምስት ደቂቃ መቀመጥ እንዳለባቸው ነገርኳቸው። አውቶቡሱ በመስኮቱ ፊት አለፈ፤ ሁለታችንም አየነው። የሚቀጥለው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። እስኪመጣ ድረስ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ።

ዓርብ

ገና በጠዋቱ ደወሉ። አስሙ ተነሳባቸው ብዬ ደነገጥኩ።

«ክንዴ ምንም አላለኝም» አሉ፣ የእኔ ጥፋት ይመስል። የሲኞራዋ ልጅ አድራለች። እናቷን አንድ ጠዋት ብታነሳ ወገቧን ይዛ ተቀምጣለች፤ «ይህን በየቀኑ ነው የምታደርጊው?» ብላ ጠየቀቻቸው አሉ።

«ሐሙሴን በከንቱ በላሽብኝ» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ተመስገን።