የሶፋው ግራ ጥግ ክፍት ነው

እትዬ፣

የሶፋችን ግራ ጥግ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ክፍት የሥራ ቦታ መሆኑን በታላቅ ትሕትና አስታውቃለሁ። ድመቴ አለቃ፣ የአይጥ ጉዳይ ኃላፊ ሆኖ ወደ አክስታችን መጋዘን ተዛውሯል። ላደርሰው ወጥቻለሁ።

ንጹሕ ጨርቅ በውሃ ነክሬ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬልሻለሁ። ችፌው ያሳበጠው እጅሽ ላይ ሩብ ሰዓት አቆዪው። ከዚያ ሳታሺው በለስላሳ ፎጣ አድርቂና ወዲያው ቅባቱን ተቀቢ። ሽታ የሌለውን ነው የገዛሁት፤ ያንን ጽጌረዳ ጽጌረዳ የሚሸተውን ለጫማዬ ወርሼዋለሁ። እጅሽን ትራስ ላይ ከፍ አድርገሽ አሳርፊው። ካተኮሰሽ ወይም መግል ከያዘ ግን ቀጥታ ሐኪም ቤት ሂጂ።

እንዳታኪው!

ትናንት ጣትሽ የመቀሱ ቀለበት ውስጥ አልገባ ሲልሽ፣ የምትሰፊውን የሙሽራ ቀሚስ ሳትጨርሺ አጣጥፈሽ ስታስቀምጪ አይቻለሁ። "ሳሙናሽ ነው" እያልኩ ሦስት ሳሙና አስቀይሬሻለሁ። ሐኪሙ "የድመት ፀጉር ያስነሳብሻል" ሲልሽም "እሱ ስለ ድመት ምን ያውቃል?" ያልኩት እኔው ነኝ።

ሳሙናው ምንም አላጠፋም። ይቅርታዬን አድርሺልኝ።

ሶፋውን ሁለት ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌዋለሁ፤ ቀሚሱን እዚያ ተቀምጠሽ መጨረስ ትችያለሽ። ስመለስ ዓይኔ ቀልቶ ብታዪ ግን፣ ምክንያቱን አላብራራም።